0.03 ሚሊ ሜትር፦ ፌስታልን የመከልከል ታሪክ

ኢትዮጵያ ፌስታልን በሕግ ለመግታት የተነሳችው ትናንት አይደለም። በ1999 ዓ.ም.፣ ከተማው በሙሉ ስለ ሚሌኒየሙ አቀባበል፣ ስለ ኮንሰርቱና ስለ አዳራሹ በሚያወራበት ዘመን፣ አዋጅ ቁጥር 513/1999 የሚባል የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ ሕግ ወጥቶ ነበር። ሕጉ በአንድ አንቀጹ ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች በሆነ ፌስታል ላይ በሩን ዘጋ። አይመረትም፣ ከውጭም አይገባም አለ። 0.03 ሚሊ ሜትር ምን ያህል እንደሆነ ማወቅ የፈለገ ከራሱ ላይ አንድ ፀጉር ይንቀልና ይየው። የአብዛኞቻችን ፀጉር ከዚያ ይወፍራል።

ከዚያስ? ከዚያማ ሚሌኒየሙ ተከበረ፣ ኮንሰርቱ አለቀ፣ ፌስታሉም ቀጠለ። አዋጁ በወጣበት ዓመት የተወለደ ልጅ ፊደል ቆጥሮ፣ ስምንተኛን አልፎ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እስኪደርስ ድረስ ፌስታል እንደ ልቡ ሲበር ኖረ። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሌላ አዋጅ አጸደቀ። በዚህኛው የፀጉር ዘለላ መለካት ቀርቷል። ፌስታል ማምረትም፣ ማስመጣትም፣ መሸጥም፣ መጠቀምም ክልክል ሆኗል፤ ይዞ የተገኘ ግለሰብ ሳይቀር በገንዘብ ይቀጣል።

እንግዲህ ጥያቄው ቀላል ነው። የመጀመሪያው ሕግ ለምን ተረሳ? ሁለተኛውስ እንዳይረሳ ምን ያስፈልገዋል? መልሱን ለማግኘት መገመት አያሻንም። ከእኛ በፊት ብዙ አገሮች በዚህ መንገድ አልፈዋል። የወደቁም አሉ፣ የቆሙም አሉ። ታሪካቸውን አገላብጠን ያገኘነው ነገር ባጭሩ ይኼ ነው፦ የፌስታል ሕግ የሚሠራው ሁለት ነገሮች ሲሟሉ ነው። አንደኛ፣ ሕጉ መጣሱ ለማንኛውም ሰው ዓይን መታየት አለበት። ሁለተኛ፣ ፌስታሉን የቀማነው እጅ በምትኩ የሚይዘው ነገር ማግኘት አለበት። ከሁለቱ አንዱ ሲጎድል ሕጉ ነጋሪት ጋዜጣ ላይ ይቀራል።

(ከዚህ በኋላ የሌላ አገር ታሪክ ስናነሳ ዓመቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። የራሳችንን ስናነሳ ግን በራሳችን እንቆጥራለን።)

ዛፍ ሊያድን የመጣው ከረጢት

ነገሩ የሚጀምረው በአጋጣሚ ነው። በ1933 በእንግሊዝ አገር ኖርዝዊች በሚባል ከተማ፣ አይ ሲ አይ በሚባለው የኬሚካል ኩባንያ ውስጥ ኤሪክ ፎሴትና ሬጂናልድ ጊብሰን የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ጋዝ በከፍተኛ ግፊት እየጨመቁ ሙከራ ያደርጉ ነበር። የጠበቁት ነገር አልመጣም። በምትኩ ዕቃው ውስጥ ነጭ፣ ሰም የመሰለ ነገር ተጋግሮ አገኙ። ፖሊኢትሊን ማለት እሱ ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ የራዳር ኬብል መሸፈኛ ሆኖ አገለገለ። ከጦርነቱ በኋላ ወደ ቤትና ወደ ገበያ ገባ።

እጀታ ያለውን፣ ዛሬ ፌስታል የምንለውን ከረጢት የነደፈው ደግሞ ስዊድናዊው መሐንዲስ ስቴን ጉስታፍ ቱሊን ነው። ሴሎፕላስት በሚባል የስዊድን ኩባንያ ውስጥ ይሠራ ነበር። የአሜሪካ የፈጠራ መብት የተሰጠው በ1965 ነው። ከሁሉ የሚገርመው የሰውየው ሐሳብ ነው። ልጁ ቆይቶ እንደተናገረው አባቱ የተጨነቀው ለወረቀት ከረጢት ሲባል ስለሚቆረጠው ዛፍ ነበር። እሱ ራሱ ፌስታሉን አጣጥፎ በኪሱ ይዞ እየዞረ ደጋግሞ ይጠቀምበት ነበር። አንዴ ተይዞ የሚጣል ነገር ይሆናል ብሎ አላሰበም።

ገበያው ግን ሌላ አሰበ። ፌስታል ከወረቀት ይረክሳል፣ ቦታ አይዝም፣ ውኃ አያሸንፈውም። በ1982 ሴፍዌይና ክሮገር የሚባሉት ግዙፎቹ የአሜሪካ ሱፐርማርኬቶች ወደ ፌስታል ዞሩ። ከዚያ ወዲያ ማቆሚያ አልነበረውም። ቱሊን በኪሱ አጣጥፎ የያዘውን ነገር ዓለም በነጻ ማደል ጀመረ። ነጻ የሆነ ነገር ደግሞ ማንም አያጥፈውም።

ዘንቢሉ የት ሄደ?

ወደ እኛው እንምጣ። እናቶቻችንና አያቶቻችን ገበያ ሲወጡ ዘንቢል ያነግቱ ነበር። እህሉ በአቁማዳና በጆንያ ይመጣል። ቅቤው በኮባ ቅጠል ይጠቀለላል። ስኳሩና ቆሎው በጋዜጣ ወይም ከደብተር በተገነጠለ ወረቀት ይቋጠራል። (አንዳንዱ የቆሎ መቋጠሪያ የሰው ልጅ የፈተና ወረቀት ነበር፤ ውጤቱን ሳናይ አንበላም።) ይህን ስንል ድሮ ሁሉም ነገር ደህና ነበር ለማለት አይደለም። ዘንቢል ከባድ ነው፣ የጋዜጣ ቀለም ስኳር ላይ ይቀራል፣ ዝናብ ሲመጣ ወረቀቱ ይቀደዳል። ፌስታል ያሸነፈው ጥሩ ስለነበረ ነው። ይህን ያልተቀበለ ሰው ስለ ፌስታል ሕግ ማውራት የለበትም።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ከፌስታል ጋር አብሮ ሌላም ፕላስቲክ ወደ ከተማችን ገብቷል፤ የውኃው ጠርሙስ። እኛ አገር ባዶውን ጠርሙስ ማንም የሚጠራው "ሃይላንድ" ብሎ ነው፤ ቀድሞ የመጣው ውኃ ስሙን ለዕቃው አውርሶ ሄደ። ሃይላንድ መንገድ ላይ ቢወድቅ ብዙ አይቆይም። የሚለቅመው አለ፣ የሚገዛው አለ፣ ዘይት ወይም ጋዝ የሚቀዳበትም አለ። ፌስታልን ግን የሚለቅመው የለም። ለምን? አንድ ስስ ፌስታል የሚመዝነው ጥቂት ግራም ብቻ ነው። አንድ ኪሎ ለመሙላት መቶዎችን መልቀም ያስፈልጋል፤ ያውም ጭቃ ሳይነካቸው። ቁራሌው ሞኝ አይደለም፤ ሒሳብ ያውቃል።

ስለዚህ ሃይላንዱ ዋጋ ስላለው ተመልሶ ይሄዳል። ፌስታሉ ዋጋ ስለሌለው ቱቦ ውስጥ ይቀራል። ክረምት ሲገባ ውኃው መንገዱን ሲያጣ ወደ አስፋልቱ ይወጣል፤ ቀጥሎም ወደ ሰው ቤት። ፌስታልን በአገር ደረጃ የመከልከል ታሪክ በዓለም ላይ የጀመረውም በዚህ ምክንያት፣ በጎርፍ ነው።

ዳካ፦ የመጀመሪያዋ

በ1988 እና በ1998 ባንግላዴሽን ሁለት ከባድ ጎርፎች መቷት። በሁለቱም ጊዜ ከአገሪቱ ግማሽ በላዩ በውኃ ተሸፈነ። ለጎርፉ መነሻ ፌስታል አልነበረም፤ ወንዞቹና ዝናቡ ናቸው። ነገር ግን ዋና ከተማዋ ዳካ ውስጥ ውኃው አልወርድ ሲል ቱቦዎቹ ተከፈቱ። የተገኘው የፌስታል ክምር ነበር። የአካባቢ ጥበቃ ተሟጋቾች ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ ሲጮኹበት የነበረው ጉዳይ ያን ጊዜ ሰሚ አገኘ። በ2002 በጥር ወር ዳካ፣ በመጋቢት ደግሞ መላ አገሪቱ ስስ ፌስታልን አገዱ። ባንግላዴሽ በዓለም የመጀመሪያዋ ሆነች። ሀብታም አገር አልነበረችም፤ የጎርፍ ውኃ ቤቷ የገባባት አገር ነበረች።

በመጀመሪያዎቹ ወራት ነገሩ ሠራ። ሰዉ ያወቀው ነበር፣ ፖሊሱም ይፈትሽ ነበር። ከዚያ ግን ቀስ በቀስ ፌስታሉ ተመለሰ። እዚህ ላይ ታሪኩ አንድ የሚያሳዝን ምፀት አለው። ባንግላዴሽ የጁት አገር ናት። ጁት ማለት ጆንያ የሚሠራበት የተክል ቃጫ ነው። ፌስታልን የሚተካ ነገር በራሷ ማሳ ላይ የሚበቅልላት አገር ብትኖር እሷ ነበረች። ታዲያ ፌስታል በታገደ በአራተኛው ወር፣ በሰኔ 2002 መጨረሻ፣ በዓለም ትልቁ ይባል የነበረው የአዳምጂ ጁት ፋብሪካ ተዘጋ። የመንግሥት ፋብሪካ ነበር፤ በኪሳራ ምክንያት ነው የተዘጋው። ሁለቱ ውሳኔዎች አንድ ላይ የታሰቡ አልነበሩም። ችግሩም ይኼው ነው፤ አንድ ላይ አለመታሰባቸው። አንዱ መሥሪያ ቤት ፌስታሉን ሲቀማ ሌላው መሥሪያ ቤት የምትኩን በር ይዘጋ ነበር።

ዓሣ ገበያ የቆመች ሴት በባዶ እጇ ዓሣ ይዛ አትሄድም። ሕጉ ባዶ እጅ ሰጣት፤ ፌስታል ሻጩ ደግሞ ጥግ ላይ ቆሞ ይጠብቃት ነበር። ቆይቶ ሙባረክ አሕመድ ካን የሚባል ሳይንቲስት ከጁት የሚሠራ፣ ፌስታል የሚመስል፣ ግን የሚበሰብስ ከረጢት ሠርቶ አሳየ። "ሶናሊ" አሉት። በሙከራ ደረጃ ግን ገበያ አይጠግብም። በ2024 አዲስ የመጣው ጊዜያዊ መንግሥት ያንኑ የ2002 ክልከላ እንደገና ማስፈጸም ጀመረ፤ በጥቅምት ከሱፐርማርኬቶች፣ በኅዳር ከጉሊቶች። ሕጉ 22 ዓመቱ ነበር። ከባንግላዴሽ የምንወስደው ትምህርት ግልጽ ነው። መጣሱ ለዓይን የሚታይ ሕግ እንኳ ምትክ ካላዘጋጀ ይሸነፋል።

ደብሊን፦ አሥራ አምስት ሳንቲም

በዚያው ዓመት፣ በዚያው ወር፣ ሌላ አገር ፍጹም የተለየ መንገድ ያዘች። አየርላንድ ፌስታልን አልከለከለችም። መጋቢት 4 ቀን 2002 ጀምሮ በእያንዳንዱ ፌስታል ላይ 15 የዩሮ ሳንቲም ግብር ጣለች። በቃ። ፌስታል የፈለገ ይውሰድ፣ ግን ይክፈል።

ብልሃቱ ያለው ቁጥሩ ላይ ነው። ቀደም ሲል በተደረገ ጥናት ሰዉ ለአንድ ፌስታል ምን ያህል ለመክፈል ፈቃደኛ እንደሆነ ተጠይቆ ነበር። አማካይ መልሱ 2.4 ሳንቲም ገደማ መጣ። መንግሥት ሰዉ "እሺ" ያለውን አልጠየቀም፤ ከስድስት እጥፍ በላይ አድርጎ ጫነው። ሆን ተብሎ የሚያም ዋጋ ነበር። በጊዜው የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስትር የነበሩት ኖኤል ዴምፕሲ ነጋዴው ግብሩን ከኪሱ ሸፍኖ ለደንበኛው ፌስታል በነጻ እንዳይሰጥም አደረጉ። ግብሩ በደረሰኝ ላይ ለብቻው ተጽፎ መውጣት ነበረበት። ለጥሬ ሥጋና ዓሣ የሚሆኑ ትንንሽ ከረጢቶች ከግብሩ ነጻ ተደረጉ፤ ሕግ አውጪዎቹ ገበያ የወጣ ሰው ምን እንደሚቸግረው ያውቁ ነበር ማለት ነው። የተሰበሰበው ገንዘብ ለአካባቢ ጥበቃ ፈንድ ገባ።

ውጤቱ? ከግብሩ በፊት አንድ የአየርላንድ ነዋሪ በዓመት 328 ገደማ ፌስታል ይጠቀም ነበር። ከግብሩ በኋላ ወደ 21 ወረደ። ሰዉ ዋጋውን ሲለምደው ቁጥሩ መልሶ ትንሽ ከፍ አለ፤ መንግሥትም በ2007 ግብሩን ወደ 22 ሳንቲም አሳደገው። ሕጉን ጣሉት ወይም አጠበቁት የሚል ግርግር አልነበረም፤ እያዩ አስተካከሉት።

ነገር ግን የአየርላንድን መድኃኒት ቀድተን እንዋጠው ብንል አይሠራም። ግብሩ የቆመው በደረሰኝ ላይ ነው። ሱፐርማርኬት ላይ ደረሰኝ አለ፤ ጉሊት ላይ ሽንኩርት የምትመዝነው እናት ግን ደረሰኝ የላትም። አየርላንድ ያስተማረችን ዋናው ነገር የገንዘቡ መጠን አይደለም። ሕጉ በየቀኑ፣ በእያንዳንዱ ግዢ፣ ለገዢውም ለሻጩም ዓይን መታየቱ ነው።

የማይክሮን ዘመን

አሁን የእኛ 0.03 ሚሊ ሜትር ከየት እንደመጣ እንይ። በ2000ዎቹ ብዙ መንግሥታት "መሃል መንገድ" ያሉትን ሐሳብ ያዙ። ወፍራም ፌስታል ደጋግሞ ያገለግላል፣ ለመልቀምም ይመቻል፣ ዋጋውም ስለሚወደድ በነጻ አይታደልም። ስለዚህ ስሱን ብቻ እንከልክል አሉ። በወረቀት ላይ ብልህ ሐሳብ ነው። የውፍረቱ መለኪያ ማይክሮን ይባላል፤ አንድ ሺህ ማይክሮን አንድ ሚሊ ሜትር ነው። የእኛ 0.03 ሚሊ ሜትር 30 ማይክሮን ማለት ነው።

ደቡብ አፍሪካ በ2003 ይህን መንገድ ያዘች። ፌስታል በየአጥሩና በየቁጥቋጦው ከመንጠልጠሉ የተነሳ የአካባቢ ሚኒስትሩ ቫሊ ሙሳ "ብሔራዊ አበባችን" እያሉ ያላግጡበት ነበር። ውፍረት ተወሰነ፣ ደንበኛም እንዲከፍል ተደረገ። በመጀመሪያዎቹ ወራት የፌስታል ፍላጎት ክፉኛ ወደቀ። ከዚያ ግን ነጋዴዎች ዋጋውን ዝቅ አደረጉት፣ ሰዉም ለመደው፣ ፍላጎቱም መልሶ አንሰራራ። ቻይና በሰኔ 2008፣ ከቤጂንግ ኦሎምፒክ ሁለት ወር ቀደም ብላ፣ ከ25 ማይክሮን የሳሳ ፌስታል አገደች፤ ሱፐርማርኬቱ አከበረ፣ የሰፈር ገበያው ግን እንደ ድሮው ቀጠለ። ዩጋንዳም 30 ማይክሮን ብላ ደንግጋ ማስፈጸም አቃታት። ኬንያ በ2007 ከ30 ማይክሮን፣ በ2011 ደግሞ ከ60 ማይክሮን የሳሳው ይከልከል ተብሎ ሁለት ጊዜ ተሞከረ፤ ሁለቱም ጊዜ አልተሳካም። እኛም በ1999 ዓ.ም. በዚሁ ሰልፍ ውስጥ ነበርን።

ለምን አልሠራም? እስቲ ነገሩን በጉሊቷ ሻጭ ዓይን እንየው። ሁለት ፌስታል ከፊቷ አለ። አንዱ 28 ማይክሮን ነው፤ ወንጀል። ሌላው 32 ማይክሮን ነው፤ ሕጋዊ። በዓይን አይለዩም፣ በእጅ አይለዩም። ለመለየት ማይክሮሜትር የሚባል መሣሪያና መሣሪያውን የሚያነብ ሰው ያስፈልጋል። የደንብ አስከባሪው ያንን መሣሪያ ይዞ መርካቶ ይዞራል ብሎ የሚያስብ ካለ መርካቶን አያውቀውም። ገዢውም "ይኼ ሕገወጥ ነው፣ አልቀበልም" ሊል አይችልም፤ ምክንያቱም አያውቅም። ሕጉ ፋብሪካ በር ላይና ጉምሩክ ላይ ካልተያዘ ከዚያ በኋላ የሚይዘው የለም። መጣሱ የማይታይ ሕግ ደግሞ የሚያፍርበትም የሚፈራውም ሰው የለም። 0.03 ሚሊ ሜትር ከፀጉር የቀጠነች ቀዳዳ ነበረች፤ የአገሪቱ ፌስታል በሙሉ ግን በእሷ ሾልኮ አለፈ።

ኪጋሊና ናይሮቢ

ጎረቤቶቻችን ይህን ቀድመው ተረድተዋል። ኤርትራ በ2005 ፌስታልን ማምረትም ማስገባትም መሸጥም በጥቅሉ ከለከለች። ሩዋንዳ በ2008 ተከተለች። ኪጋሊ አውሮፕላን ማረፊያ የወረደ መንገደኛ ሻንጣው ውስጥ ያለውን ፌስታል እዚያው እንዲያስረክብ ይደረግ ነበር። እዚህ ምንም ማይክሮን የለም። ፌስታል ካየህ ሕገወጥ ነው፤ አለቀ። ሩዋንዳ በየወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ሰፈሩ በጋራ የሚወጣበት ኡሙጋንዳ የሚባል የሥራ ልማድ ስላላት ሕጉ ጎረቤት ጎረቤቱን በሚያይበት አገር ላይ ነው የወደቀው። የኮንትሮባንድ ፌስታል ከኮንጎ በኩል መግባቱ ባይቀርም፣ በየገበያው በግልጽ መታደሉ ቀርቷል። በ2019 ደግሞ ሕጉን አስፍታ ሌሎች አንድ ጊዜ ተይዘው የሚጣሉ የፕላስቲክ ዕቃዎችን ጨመረች።

የኬንያ ታሪክ ለእኛ የበለጠ ይቀርባል፤ ሁለት ጊዜ ወድቃ በሦስተኛው የተነሳች አገር ናትና። ዋንጋሪ ማታይ የኖቤል ሽልማቷን ባገኘች ማግስት፣ በ2005፣ የተጣለ ፌስታል ውኃ እያቆረ የወባ ትንኝ እንደሚያራባ ተናግራ ነበር። ሰሚ ለማግኘት 12 ዓመት ፈጀ። ከ2015 አካባቢ ጀምሮ የናኩሩው ፎቶ አንሺና ጋዜጠኛ ጄምስ ዋኪቢያ የከተማውን ቆሻሻ ፎቶ እያነሳ በትዊተር ላይ ዘመቻ ከፈተ፤ ወጣቱም ተቀባበለው። በየካቲት 2017 መጨረሻ የአካባቢ ሚኒስትሯ ጁዲ ዋኩንጉ ክልከላውን በጋዜጣ አወጁ። ለመዘጋጃ ስድስት ወር ተሰጠ። አምራቾች ሥራ ይጠፋል ብለው ፍርድ ቤት ሄዱ፤ ፍርድ ቤቱ ግን ክልከላውን አላስቆመም። ነሐሴ 28 ቀን 2017 ሕጉ ሥራ ጀመረ። ቅጣቱ ከ2 እስከ 4 ሚሊዮን የኬንያ ሽልንግ ወይም ከ1 እስከ 4 ዓመት እስራት ነበር፤ በዓለም ከከበዱት አንዱ።

በናይሮቢ ገበያዎች ስሱ ፌስታል ከፊት ለፊት ጠፋ። ታንዛኒያም በ2019 ተከተለች። ግን ሁሉም ነገር ወርቅ አልነበረም። ከጎረቤት አገር በኮንትሮባንድ የሚገባው ቀጠለ። ፌስታሉን የተካው ጨርቅ የሚመስለው ከረጢትም ራሱ የፕላስቲክ ክር ነው፤ ጥራቱ ሲወርድ እሱም ቶሎ ተቀዶ ቆሻሻ ሆነ፤ መሥሪያ ቤቱም በተራው እሱን ማሳደድ ጀመረ። ደግሞም ቅጣቱ ሲፈጸም አብዛኛውን ጊዜ የሚያዘው አስመጪው ሳይሆን በየመንገዱ የሚሸጠው ድሃ ነው። ትልቁ ዓሣ መረቡን ቀድሞ ያውቀዋል።

እንግዲህ እኛስ?

የ2017ቱ አዋጃችን በዚህ ታሪክ ሚዛን ላይ ሲቀመጥ አንዱን ፈተና አልፏል። የፀጉር ዘለላ መለካቱን ትቷል። ፌስታል ፌስታል ነው፤ ማንም ያየዋል። ይህ ከ1999ኙ ሕግ ትልቅ እርምጃ ነው፤ እናመሰግናለን።

ሁለተኛው ፈተና ግን ገና ነው። የቀማነው እጅ ምን ይይዛል? አምስት ኪሎ ድንች የገዛች እናት፣ ከሥራ ሲመለስ ሁለት እንጀራ የሚገዛ ወንደላጤ፣ መርካቶ ውስጥ ፌስታል እየሸጠ ቁርሱን የሚሸፍን ልጅ፣ ፌስታል ፋብሪካ ውስጥ በወር ደመወዝ የምትሠራ ወጣት፤ እነዚህ ሁሉ የሕጉ ተከፋዮች ናቸው። ዘንቢልና የጨርቅ ከረጢት የሚሰፉ ሴቶች በከተማው ሞልተዋል። ክሩን በርካሽ ቢያገኙ፣ የመሸጫ ቦታ ቢሰጣቸው፣ የተዘጋው ፋብሪካ ሠራተኞችም ወደዚያ ቢሸጋገሩ ሕጉ ራሱን በራሱ ያስከብራል። ይህ ካልሆነ የአዳምጂ ታሪክ በእኛ ላይ ይደገማል፤ አንዱ መሥሪያ ቤት ይቀማል፣ ሌላው ስለ ምትኩ አልሰማም ይላል።

ቅጣቱንም እንነጋገርበት። ፌስታል ይዞ የተገኘ ሰው ይቀጣል ሲባል የሚያዘው ማን ነው? መኪናው ኮፈን ውስጥ አርባ ፌስታል የጫነው ሰው አይታይም። የሚታየው በእግሩ የሚሄደው ነው። ሕግ መጣሱ ለዓይን ይታይ ስንል ድሃው ብቻ ይታይ ማለታችን አይደለም። ፋብሪካው በር፣ የጉምሩክ መጋዘኑና የጅምላ ሱቁ ከጉሊቱ በፊት መፈተሽ አለባቸው። ፌስታል መንገድ ላይ የሚያድገው ከመሬት በቅሎ አይደለም፤ የመጣበት በር አለው።

የቆሻሻን ሕግ ችላ ማለት ዋጋው ምን እንደሆነ ደግሞ ለአዲስ አበባ ልጅ መንገር አያስፈልግም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ ላይ የቆሻሻው ተራራ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ገዳዩ ፌስታል ነው አንልም። የምንለው፣ ከተማ ቆሻሻውን ለአሥርት ዓመታት ዓይኑን ጨፍኖ ሲከምር ክምሩ የሚወድቀው ከሥሩ በሚኖሩት ላይ መሆኑን ነው። ጎርፉም እንደዚሁ ነው። ቱቦው ሲዘጋ ውኃው ቪላ አይገባም፤ ወንዝ ዳር ያለውን የጭቃ ቤት ነው የሚያንኳኳው።

ዓለም እስኪስማማ እንጠብቅ እንዳንል ዓለም ራሱ አልተስማማም። በመጋቢት 2022 ናይሮቢ ላይ የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጉባኤ በፕላስቲክ ላይ አስገዳጅ ስምምነት እንዲዘጋጅ ወሰነ። በ2024 መጨረሻ ቡሳን ላይ፣ በነሐሴ 2025 ደግሞ ጄኔቭ ላይ ተደራዳሪዎቹ ያለ ስምምነት ተበተኑ። ስለዚህ የአዲስ አበባን ቱቦ የሚከፍትልን የጄኔቭ ስብሰባ የለም።

ፌስታልን ማሸነፍ ይቻላል፤ ደብሊን በዋጋ፣ ኪጋሊ በክልከላ አሳይተዋል። መሸነፍም ይቻላል፤ ዳካ 22 ዓመት፣ እኛ ደግሞ 18 ዓመት ሞክረነዋል። ስለዚህ በሚቀጥሉት ዓመታት ሕጉ እየሠራ መሆኑን ማወቅ የፈለገ ሰው መግለጫ አይጠብቅ። ጉሊት ይሂድና ሁለት ነገር ይጠይቅ፦ ዘንቢል በስንት ይሸጣል? ባለፈው ወር የተቀጣውስ አምራቹ ነው ወይስ ሻጯ? መልሱ ዘንቢሉ ከኪሎ ድንች ይወደዳል፣ የተቀጣችውም ሻጯ ናት የሚል ከሆነ፣ አዲሱም አዋጅ እንደ አሮጌው ሊረሳ መንገድ ጀምሯል ማለት ነው።